የአራት ሰዓቱ ተራራ

በእኛ ሰፈር የስኳር በሽታ የሌለበት ሰው ሁሉ የስኳር በሽታ ሐኪም ነው። ስለ በሽታው ምንም እንደማያውቅ የሚቆጠረው በሽታው ያለበት ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ከቤት ወጥቼ ሱቅ እስክደርስ አንዷ ሬት በባዶ ሆድ እንድጠጣ ትመክረኛለች፤ ሌላዋ የሽፈራው ቅጠል እንድቀቅል ታዝዘኛለች፤ ፓፓያ ሻጯ ደግሞ «ፍሬ እኮ ቫይታሚን ነው፣ ምን ያስፈራሻል» ብላ ትልቁን ትመርጥልኛለች። ሁሉንም «እሺ» እላቸዋለሁ። «እሺ» ከ«እምቢ» ይልቅ ቶሎ ያልቃል።

ዋናው ሐኪም ግን አክስቴ ናቸው። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ መርሳ እሳቸው ቤት ነው ያደግኩት። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት የቀረሁትም በሽታው ሲጀምረኝ «ትምህርት ቤት ወድቃ ብትቀርብኝስ» ስላሉ ነው። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ኑሮዬ ቀላል ነበር፤ ለክፉ ሰው ቢያንስ በሆድ እምቢ ይባላል። አክስቴ ግን የሚያስቸግሩኝ ወደውኝ ነው። ወዶ ለሚያስቸግር ሰው መልስ የለም።

ያኔ ሆስፒታል ውስጥ «ስኳር አታሳዩዋት» ሲባሉ ቃሉን እንዳለ ያዙት። ከቤታችን ስኳር ወጣ። ከረሜላ ወጣ። ለእንግዳ ሻይ የምትቀርበው የስኳር ዕቃ እንኳ ከእኔ ዓይን ተሰውራ አክስቴ መኝታ ቤት ሣጥን ውስጥ ተቆለፈባት። በስኳሩ ምትክ አጥሚት ተሾመ።

የአክስቴ አጥሚት ተራ አጥሚት አይደለም። ገብስ፣ አጃ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝና ዳጉሳ ይለቀማሉ፣ ይቆላሉ፣ ወፍጮ ቤት ሁለት ጊዜ ተመላልሰው እንደ ትቢያ ይልማሉ። ከዚያ አክስቴ በጥብጠው እሳት ላይ ይጥዱታል፤ እስኪንተከተክ ያማስሉታል፤ ጨውና ትንሽ ቅቤ ጠብ ያደርጉበታል። ማንም ሳይጠይቃቸው ደግሞ እንዲህ ይላሉ፦ «ወላሂ አንዲት ፍሬ ስኳር አልነካውም።»

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የምወጋውን ኢንሱሊን እርጥብ አሸዋ ውስጥ ከተቀበረችው ትንሽ እንስራ አወጣለሁ። መብራት እየሄደ በሚመጣበት በመርሳ ሙቀት ከፍሪጅ ይልቅ እንስራዋ ትታመናለች። እወጋለሁ፣ እንጀራዬን በሽሮ እበላለሁ። አራት ሰዓት ሲሆን አጥሚቱ በትልቁ ኩባያ ይመጣል። አክስቴ ፊት ለፊቴ ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ይቀመጣሉ፤ ኩባያው እስኪያልቅ አይነሡም። ትንሽ ካስተረፍኩ «በሞቴ» ይላሉ። በአክስቴ ሞት የመጣብኝን አጥሚት ብደምረው ወንዝ ይሞላል።

ዝናው ከሰፈር አልፎ ነበር። ስኳር አለብህ የተባለ ሰው ሁሉ ከሆስፒታል መልስ እኛ ቤት ጎራ ይላል፤ አክስቴም ዱቄቱን ቋጥረው ይሰጡታል። አንድ ሽማግሌ ከግራና ከተማ ድረስ እየተመላለሱ ወስደዋል። ሽማግሌው አልዳኑም፤ የአጥሚቱ ስም ግን አልጎደፈም።

በየሦስት ወሩ ወልድያ ቀጠሮ አለኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከበሩ ውጭ ያለው ሰው ብዛት ፊቱ ላይ ይነበባል። ሲጠይቀኝ ወለሉን አያለሁ። አክስቴ ይመልሱልኛል።

«ምን ትበያለሽ?»

«እንጀራ በሽሮ፣ እንጀራ በምስር። ሌላ ነገር የላትም ዶክተር።»

አልዋሹም። አጥሚት ምግብ አይደለማ። ለአራስ፣ ለታመመና ለደከመ የሚሰጥ ነገር መድኃኒት ነው እንጂ ምግብ አይባልም። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ሐኪሙ የጠየቀው የሚበላውን ነው፤ የሚበላው ተነገረው። ጠዋት ጠዋት የመለኪያው ወረቀት ሲገኝ ጣቴን ወግቼ ስለካ ደህና ነኝ። የሦስት ወሩ ምርመራ ግን ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ይገኛል።

«ያልነገርሽኝ ነገር አለ» አለኝ ሐኪሙ ባለፈው ጊዜ፤ የመድኃኒቴንም መጠን ጨመረው።

ስንመለስ አክስቴ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ «ስኳሩን ከየት እያመጣሽ ነው የምትልሺው?» አሉኝ። ከፊት የተቀመጠ ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ። ሌባ ትመስል እንደሆነ ሊያረጋግጥ ነው መሰለኝ።

መጠኑ በተጨመረ ሰሞን አክስቴ ለለቅሶ ግራና ሄዱ። አጥሚት የሚሠራልኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጮቤ እየረገጥኩ ገበያ ወጣሁ። ማንጎ ሻጮቹ ጋ ስደርስ ላብ አጠመቀኝ። ወደቅኩ። ቀጥሎ የማስታውሰው ከላይ ሆኖ የሚያየኝን የሰው አፍንጫ ብዛት ነው። አንዲት ማንጎ ሻጭ በሽታውን ከእናቷ ታውቀው ኖሮ ሮጣ ከሻይ ቤት እፍኝ ስኳር አምጥታ ከንፈሬንና ድዴን አሸችልኝ። ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፈው በእሷ ነው።

አክስቴ የዚያኑ ሰዓት ከግራና መኪና ወረዱ። ሰው ተሰብስቦ ሲያዩ ገፍተው ገቡ። ያዩት ሁለት ነገር ነው፤ መሬት ላይ እኔን፣ ከንፈሬ ላይ ስኳር።

«ይኸው» አሉ።

ማንጎ ሻጯ ልታስረዳቸው ሞከረች። አክስቴ ግን ማስረጃ ከያዘ ሰው ጋር አይከራከሩም፤ ማስረጃውን የያዙት ራሳቸው ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ «ያቺ ስኳር የምትልሰው ልጅ» ሆንኩ። ስሙን ልለምደው እችል ነበር። የማልለምደው መውደቁን ነው። መድኃኒቱ ሲጨመር ወደቅኩ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ስኳሬ ካልወረደ እንደገና ይጨመራል፤ እንደገና ስወድቅ ደግሞ ስኳር ይዛ የምትሮጥ ማንጎ ሻጭ ትኑር አትኑር አላውቅም።

ይህን ለእህቴ በድምፅ ላኩላት። እህቴ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ለእሷ ብቻ ነው እንዲህ ማውራት የምችለው፤ ምክንያቱም ፊቷን አላይም።

«ስሚኝ» ብላ መለሰችልኝ። «እዚህ እመቤቲቱ ክንዷ ላይ የምትለጥፋት ነገር አለች። ስልክ ስታስጠጊላት ስኳርሽ ስንት እንደሆነ ትነግርሻለች። ቀኑን ሙሉ፣ ስትበዪም ስትተኚም። እልክልሻለሁ። አንቺ አፍ የለሽም፤ እሷ ታውራልሽ።»

ለዕረፍት በመጣች አንዲት ልጅ እጅ ሁለት ፍሬ ከአንድ አሮጌ ስልክ ጋር ላከችልኝ። አንዷ ሁለት ሳምንት ትሠራለች። የካፖርት ቁልፍ ታክላለች፤ ከሥሯ ፀጉር የመሰለች ቀጭን ነገር ቆዳ ውስጥ ትገባለች። እህቴ በድምፅ እየመራችኝ፣ ቢስሚላህ ብዬ ክንዴ ላይ ጫንኳት። ጣ አለች። ከጉንዳን ንክሻ አትበልጥም።

አክስቴ ዕቃዋን በጣም ወደዷት። ሌባ የምትይዝ ዘበኛ መስላ ታየቻቸው። «አላህ ይስጣት እህትሽን፤ እንግዲህ መቼ እንደምትልሺ እናውቃለን» አሉ። ለጎረቤት ግን እንዳልናገር አስጠነቀቁኝ። ገና ያላገባች ልጅ በሽታዋን በክንዷ አንጠልጥላ አትዞርም።

ስልኩ ላይ ከቁጥሩ ሌላ አንድ መስመር አለ፤ ቀኑን ሙሉ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስኳር ሲጨምር ይወጣል፣ ሲቀንስ ይወርዳል። ለማንበብ ብዙ ክፍል መማር አያስፈልግም፤ ዳገትና ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ያነበዋል። እንጀራ በሽሮ ስበላ መስመሩ ጉብ ብሎ ይመለሳል። የተቀቀለ ሽምብራ ስበላ ሜዳ ነው። ሰፈርተኛው «እንዳትነኪው» የሚለኝን ለውዝ ስበላ ያው ሜዳ። አራት ሰዓት ላይ አጥሚቱን ስጠጣ ግን እንደ አምባሰል ተራራ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በበነጋውም ቆመ። በሠልስቱም እዚያው ቦታ፣ እዚያው ሰዓት። ሁሉም ቀን የየራሱ መልክ አለው፤ ተራራው ግን በየቀኑ ከቦታው አይጠፋም።

ማመን አቅቶኝ ሞከርኩ። እየተጎነጨሁ አዘግይቼ ጠጣሁት፤ ተራራው ትንሽ ሰፋ እንጂ አልቀረም። አንድ ቀን አክስቴ በር ላይ ሰው ሲያነጋግሩ ግማሹን ለዶሮዎቹ ደፋሁት። የዚያን ቀን ተራራው ኮረብታ ሆነ። የዶሮዎቹን አልለካሁም።

ለአክስቴ መንገር ነበረብኝ። ሌት ተቀን ቃሉን በልቤ አዘጋጀሁት። ሲቀርብ አጭር ሆነ።

«አክስቴ፣ አጥሚቱ…»

«ቀጠነብሽ?» አሉ ደንገጥ ብለው። «እኔም ዛሬ ቀጥኗል ብያለሁ። ነገ አወፍረዋለሁ።»

አወፈሩት። የበነጋውን ተራራ አልነግራችሁም።

በዚያው ሳምንት ጎረቤታችን ልጃቸው ወለደችላቸው። እነሱ ክርስቲያን ናቸው፣ እኛ እስላም ነን፤ አራስ ቤት ግን ሁላችንንም ገንፎ ያስማማናል። አክስቴ አጥሚታቸውን በትልቅ ፔርሙስ ይዘው፣ እኔን አስከትለው ለጥየቃ ገቡ። ቤቱ በሴት ተሞልቷል። እኔ እንደ ልማዴ ሰው ከበዛበት ሸሽቼ ጓሮ ሄድኩና ኩባያ ማጠብ ጀመርኩ። ውሃ እንዳይነካው እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰብኩ። የሠራሁት ስሕተት ይኸው ነው።

የአራሷ እናት ውሃ ሊቀዱ መጥተው ክንዴን አዩ። ማሰሮውን አስቀመጡ።

«አንቺ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

እጅጌዬን ለማውረድ ታገልኩ።

«ጤና ጣቢያ ነው ያስቀበርሽው?» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ የእሳቸው ዝቅ ያለ ድምፅ ግን እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ወዲያው ሁለት ሴቶች ከቤት ብቅ አሉ።

እዚህ አገር ሴት ልጅ ክንዷ ላይ የምታስቀብረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም እንዳትወልድ ነው።

«የኔ ከቆዳ ሥር ነው የገባው» አለች አንዷ በጥሞና እያየችኝ። «ይሄ ላዩ ላይ የሚቀመጠው አዲሱ ይሆናል።»

«የሦስት ዓመቱ ነው የአምስት ዓመቱ?» አለች ሌላዋ።

«ባል ሳይኖር ምኑን ነው የምትከላከለው?»

«ኧረ ተይ፣ መከላከል ቀደም ብሎ ነው። በኋላማ አራስ ጥየቃ ነው።»

ሳቁ። ጆሮዬ እንደ ፍም ጋለ። ሦስት ቃል ብናገር ያልቅ ነበር፤ «የስኳር መለኪያ ነው»። ሦስቱም ቃል ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፎ አንዱ ሌላውን «አንተ ቅደም» ይላል።

አክስቴ የገንፎ ማማሰያ እንደያዙ ከቤት ወጡ።

«ማን ነው ያስቀበረው?»

«ልጅሽ ናታ» አሉ የአራሷ እናት። «እኛ ምን አልን፤ ማሻአላህ፣ ነቅታለች።»

«የኔ ልጅ? ወንድ ስታይ መንገድ የምትቀይረው ልጅ?» አክስቴ ክንዴን ይዘው እንደ ገበያ ዕቃ ወደ ላይ አነሡት። «ይሄ የስኳር ዕቃ ነው። ከዓረብ አገር ነው የመጣው። የበላችውን ሁሉ ይናገራል።»

«ዕቃው?»

«ዕቃው።»

«እኔስ ባሌ ላይ ነበር የምለጥፈው» አለች አንዷ፤ እንደገና ሳቁ።

ማንም እንዳላመናቸው አክስቴ ገባቸው። የእኔን ስም ለማጥራት ሲሉ፣ መንገዳቸው ላይ ደግሞ የአጥሚታቸውን ስም ከፍ ለማድረግ ሲሉ፣ ሁላችንንም ወደ ቤት አስገቡን። አራሷ ትራሷን ተደግፋ ቀና አለች። አክስቴ ስልኩን ከኪሴ አውጥተው መሐል ያለው በርጩማ ላይ አስቀመጡት።

«ስንት ይላል አሁን?»

«መቶ ሃያ ስምንት» አልኩ።

«ሰማችሁ? አሁን የኔን አጥሚት ትጠጣለች። ንቅንቅ አይልም። ሌላው ሰው ቤት ያለው አጥሚት ነው እንጂ ስኳር የሚያነሣው፣ የኔ መድኃኒት ነው።»

«አክስቴ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን…»

«በሞቴ።»

ጠጣሁ። ሁሉም እያየኝ ነው የጠጣሁት። ሰው እያየኝ ውሃ እንኳ አይወርድልኝም፤ አጥሚቱ ግን የሚወርድበትን ያውቃል።

መጀመሪያ ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። ከዚያ አንዷ «እስቲ እዪው» አለችኝ። መቶ ሃምሳ ሁለት። ትንሽ ቆይቶ መቶ ዘጠና። ቀስ በቀስ ስለ ሕፃኑ ማውራት ቀረ። ሻይ ቤት ኳስ እንደሚያይ ወንድ ሁሉ ስልኩን ከበቡት።

«ስንት ገባ?»

«ሁለት መቶ ሃያ።»

«ስልኩ ሞቆት ነው» አሉ አክስቴ። «ከበሩ ብርሃን አንሡት።»

አነሡት። ሁለት መቶ አርባ አንድ።

«ኔትወርክ የለም ዛሬ። ከጠዋት ጀምሮ የለም።»

«የኔ ስልክ ይሠራል» አለች አንዷ ሳትጠየቅ።

«የሰው ዓይን ነው እንግዲህ። ይሄን ያህል ሴት አፍጥጦበት ምን ያርግ?»

ሁለት መቶ ስድሳ ሰባት ሲል የአራሷ እናት ወደ ፔርሙሱ፣ ከዚያ ወደ ልጃቸው፣ ከዚያ ወደ አክስቴ አዩ። እየሳቁ ነበር። ጥያቄው ግን ሳቅ አልነበረበትም።

«አንቺ፣ ልጄን ይሄንን ነው ያጠጣሽብኝ?»

የአክስቴ ፊት ሲለዋወጥ አየሁት። ሰው ሲሰናከል መጀመሪያ የሚፈልገው የሚይዘውን ነገር ነው፤ አክስቴም ቅርብ ያገኙትን ያዙ።

«ምን ልሰሽ ነው የመጣሽው?» አሉኝ።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል። እኔ ዝም አልኩ። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ ያን ያሉ ሰዎች የእኔን ዝምታ አላዩትም። የእኔማ ነቅዞ፣ ዱቄት ሆኖ፣ ከሰባቱ እህል ጋር ተቀላቅሎ ነበር።

«ያው፣ ዝም አለች» አሉ አክስቴ ወደ ሴቶቹ ዞረው። «ልሳለች።»

ሴቶቹ ከንፈር መጠጡልኝ። ከፔርሙሱ ግን ከዚያ በኋላ ለአራሷ አልተቀዳላትም።

የቀጠሮው ቀን ከመርሳ በሚኒባስ፣ ከወልድያ መናኸሪያ በባጃጅ ሄድን። አክስቴ ሁልጊዜ ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ ሆስፒታልም ውስጥ ታማሚ የሚመስሉት እሳቸው ናቸው። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ። የሦስት ወሩ ውጤት አልወረደም።

«ትልሳለች ዶክተር» አሉ አክስቴ ሳይጠየቁ። «አሁንማ በሰው ፊት ተይዛለች።»

ሐኪሙ ተነፈሰ። «እንግዲህ መድኃኒቱን ትንሽ እንጨምራለን» ብሎ ማዘዣውን ሳበ። ብዕሩን ከደረት ኪሱ ሲያወጣ አየሁት። ብዕሩ ወረቀቱን ሲነካ ነገሩ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። በዓይኔ የመጣው ገበያ ላይ ከላይ ያየኝ ያ ሁሉ አፍንጫ ነው።

ስልኩን ማዘዣው ላይ አስቀመጥኩት። ልክ ሊጽፍበት የነበረው ቦታ ላይ።

«ምንድን ነው?» አለ። ከዚያ ስክሪኑን አየና ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ይሄን ከየት አገኘሽው?»

«እህቷ ናት የላከችው» አሉ አክስቴ።

በጣቱ እያሳለፈ አንዱን ቀን ከአንዱ አስተያየ። ሲያሳልፍ፣ ሲመልስ፣ ሲያሳልፍ ቆየ።

«በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ምንድን ነው የሚሆነው?»

«ያን ጊዜ ነዋ የምትልሰው» አሉ አክስቴ።

ሐኪሙ ግን የሚያየው እኔን ነበር። አክስቴም እኔን ያዩ ነበር። ወለሉ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው ንጹሕ ነበር፤ እዚያ ምንም የተጻፈ መልስ የለም።

«አጥሚት» አልኩ።

«ምን?»

«አጥሚት ነው የምጠጣው። በአራት ሰዓት። በትልቅ ኩባያ።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ትበያለሽ ነበር ያሉኝ።»

«የሚጠጣም እኮ እዚያው ሆድ ነው የሚገባው» አለ። ተቆጥቶም አይደል፣ ስቆም አይደል። ወደ አክስቴ ዞረ። «ውስጡ ምን አለበት እናቴ?»

ጥያቄው አክስቴን አነቃቸው። ስለ አጥሚታቸው ሲጠየቁ ጦርነት መሐልም ቢሆን ይመልሳሉ። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። «ገብስ፣ አጃ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ዳጉሳ። ቅቤ ጠብ። ጨው። እና ያቺ ትንሽ ቴምር።»

«ቴምር?» አለ ሐኪሙ።

«ቴምር?» አልኩ እኔም። ለእኔም አዲስ ነበር።

«ለበረካ ነው» አሉ አክስቴ። «ተቀቅሎ ተጨፍልቆ ነው የሚገባው። ስኳር አይደለም። የተባረከ ፍሬ ነው።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ቴምሩ ቢቀርም፣ እህል እንዲህ ልሞ ተፈጭቶ ቀጥኖ ሲጠጣ ሆድ የሚሠራው ሥራ የለም፤ ወዲያው ደም ውስጥ ይገባል፤ እንጀራ በሽሮ ስትበላ ግን ቀስ እያለ ነው። ስኳር ማለት ነጩ ብቻ አይደለም። አክስቴ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ ይስሙ አይስሙ አይታወቅም።

«መድኃኒቱን አልጨምርም፤ የሚቀረው አጥሚቱ ነው» አለ በመጨረሻ። «እንዲያውም ባለፈው የጨመርኩትን እቀንሰዋለሁ። መጠኑ አጥሚቱን የሚችል ነው። አጥሚቱ አንድ ቀን ከቀረ ስኳሯ ወርዶ ትወድቃለች። ሌላ መለኪያ ካላት እሷን ለጥፋ በሁለት ሳምንት ትምጣ፣ አያታለሁ።»

አክስቴ መነቀነቃቸውን አቆሙ።

«ግራና የሄድኩ ጊዜ» አሉ። ለሐኪሙም ለእኔም አልነበረም። የሚያዩት ከንፈሬን ነበር።

መናኸሪያ ስንደርስ አክስቴ ሽምብራ ቆሎ ገዙ። ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪነሣ፣ ከተነሣም በኋላ ዝም ብለው ቆዩ። አክስቴ ዝም ሲሉ መኪናው ራሱ የተበላሸ ይመስላል። ወልድያ ከኋላችን ቀርታ ሜዳው ሲጀምር ቆሎውን እጄ ላይ አፈሰሱልኝ።

«ይሄንንስ ተራራሽ ይፈቅድልሻል?»

በላሁ። እሳቸውም በሉ። ከብዙ መንገድ በኋላ «እስቲ ስልኩን» አሉ። መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት፤ ተኝቷል።

«ሜዳ» አልኩ።

«ሜዳ» አሉ።

ከጎናቸው የተቀመጠች ሴትዮ አንገቷን አስግጋ ታይ ነበር። ምን እንደሆነ ጠየቀች። የአክስቴ ትከሻ ቀና አለ፤ መኪናው የተጠገነ መሰለኝ።

«የስኳር ነገር ነው» አሏት። «ሰው አያውቅም እንጂ ትልቁ ጠላት አጥሚት ነው።»

«አጥሚት? ኧረ አጥሚትማ…»

«አጥሚት። ዝም ብለሽ ስሚኝ። እኔ ነኝ የደረስኩበት፤ በዚች ልጅ ላይ ሞክሬ። ሐኪሙ ራሱ እኔን ሰምቶ መድኃኒት ቀነሰላት።»

በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። መርሳ እስክንገባ ሴትዮዋ ለባሏ፣ ለአማቷና ለአጎቷ የሚሆን ምክር ይዛ ነበር። በሳምንቱ ሰፈሩ ውስጥ አጥሚት የሚጠጣ ሰው እንደ ሌባ ይታይ ጀመር። የአራሷ እናት አንድ ቀን ተደብቀው ለልጃቸው ሲያጠጡ አክስቴ ደርሰውባቸው ሁለቱ ለቀናት አልተነጋገሩም።

ከወልድያ በተመለስን ማግስት አራት ሰዓት ላይ ትልቁ ኩባያ መጣ። ደንግጬ አየሁት። ውሃ ነበር። አክስቴ ዱካቸውን ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

ግማሹን ስጠጣ ኩባያውን አስቀመጥኩ።

«ጨርሺው እንጂ፤ ውሃ እኮ ነው። በሞቴ።»

«በቃኝ፣ አክስቴ» አልኩ።

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ኩባያውን አንሥተው ወደ ግቢው ወጡ።

«እንግዲያው ለዶሮዎቹ ልስጥልሽ» አሉ ከበሩ ላይ። «እነሱስ ያንቺን ትራፊ ለምደዋል።»